ከካቻቢቴ እስከ ፓስወርድ፦ የኮምፒውተር ጠጋኞች መግቢያ ፈተና በሠላሳ ዓመት ውስጥ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ለኮምፒውተር ጥገና ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ከሚሸመድዳቸው ነገሮች አንዱ የቁጥር ዝርዝር ነበር። ለመጀመሪያው ሲሪያል ፖርት 4፣ ለሁለተኛው 3፣ ለፍሎፒ 6፣ ለፕሪንተር ፖርት 7፣ ለመጀመሪያው የሃርድ ዲስክ መስመር 14። አይ አር ኪው የሚባሉት እነዚህ ቁጥሮች እያንዳንዱ ዕቃ ፕሮሰሰሩን የሚጠራባቸው መስመሮች ናቸው። ሁለት ዕቃዎች አንድ ቁጥር ላይ ከተገናኙ ይጋጫሉ። ማውሱ በመጀመሪያው፣ ሞደሙ በሦስተኛው ሲሪያል ፖርት ላይ ሲሆኑ ሁለቱም 4ን ስለሚጋሩ፣ ሞደሙ ስልክ መደወል ሲጀምር ማውሱ ድርቅ ይላል። ደንበኛው ማውሴ ተበላሸ ብሎ ይመጣል። ሥራውን የሚያውቅ ቴክኒሻን ማውሱን ሳይነካ የሞደሙን ካርድ ነቅሎ ቁጥሩን የምትወስነውን ትንሽ መሰኪያ፣ ጃምፐሯን፣ ያዛውራል፤ ችግሩ እዚያው ያልቃል።

ዛሬ ያንኑ ስም የያዘ ፈተና የሚቀመጥ ወጣት ስለነዚህ ቁጥሮች አይጠየቅም። እንዲዘጋጅባቸው የሚፈለጉት ሌሎች ናቸው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከአለቃዋ የመጣ የሚመስል ኢሜይል ከፍታ ፓስወርዷን ጽፋለች፤ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ስልኩ የተሰረቀበት ሠራተኛ በውስጡ የነበረው የመሥሪያ ቤቱ መረጃ ከርቀት የሚጠፋው እንዴት ነው? ኮምፒውተሩ ሳይከፈት፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ የሚሠራ ሥራ ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚከተለው በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለውን መንገድ ነው። መነሻ ያደረግሁት ኤ ፕላስ የሚባለውን የመግቢያ ምስክር ወረቀት ነው፤ በዓለም ላይ በዚህ ሙያ በስፋት የሚታወቀው እርሱ ስለሆነ፣ የይዘት ዝርዝሩም በየሦስት ዓመቱ ገደማ እየተከለሰ ለማንም በነፃ ስለሚወጣ። ዝርዝሮቹን በተከታታይ ያነበበ ሰው የጥገና ሙያ ራሱ ወዴት እንደሄደ ያያል። የእኛ አገር ቴክኒሻን ደግሞ አንድ የሚያሳስብ ነገር ያያል፦ እጁ የሠለጠነበትን ክፍል ፈተናው ከዓመት ዓመት እየቀነሰው፣ ማንም ቁጭ ብሎ ያላስተማረውን ክፍል እያሰፋው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነጋዴዎች ፈተና

ኤ ፕላስን ያወጣው ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት በ1982 በአሜሪካ ሲቋቋም የኮምፒውተር ነጋዴዎች ማኅበር ነበር። የአሁኑን ስሙን የያዘው በ1990 ነው። አመጣጡ ፈተናውን ለመረዳት ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ አንድ ሱቅ የአይቢኤምን፣ የኮምፓክንና የአፕልን ዕቃ ለመጠገን ከየአምራቹ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ለፈቃዱ ደግሞ የየራሳቸው ሥልጠና አላቸው። ፓወር ሰፕላይ ምን እንደሆነ፣ ሚሞሪ እንዴት እንደሚገባ፣ የስታቲክ ኤሌክትሪክ ጉዳት እንዴት እንደሚከላከሉት አንዱ ቴክኒሻን ደጋግሞ ይማራል፤ ሱቁም ደጋግሞ ይከፍላል። በ1993 የወጣው ኤ ፕላስ ይህን የጋራ መሠረት አንድ ጊዜ ፈትኖ ለሁሉም የሚያገለግል ወረቀት ለመስጠት የታሰበ ነበር። ቢያንስ ግማሽ ቴክኒሻኖቹ ይህን ወረቀት የያዙ ሱቅም የተፈቀደለት የጥገና ማዕከል ተብሎ ምልክቱን በሩ ላይ ይለጥፍ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ኤ ፕላስ የሱቅ ፈተና ነው። ጠረጴዛ፣ ካቻቢቴ፣ የተከፈተ ሳጥን። ሃርድ ዲስኩና ሲዲው በአንድ ኬብል ላይ ሲቀመጡ ማን ቀዳሚ ማን ተከታይ እንደሚሆን በጃምፐር መወሰን፣ በዶስ ጊዜ የሚሞሪ ፋይሎችን በእጅ ማስተካከል፣ የፍሎፒ ኬብል ተገልብጦ ሲገባ መብራቷ ሳትጠፋ እንደምትቀር ማወቅ። ይህን ሁሉ ቀስ በቀስ ያጠፉት ዕቃዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ዕቃ ራሱ መለየት ጀመረ፤ ዩኤስቢ መጣ፤ ከ2003 በኋላ የተስፋፋው የሳታ ኬብል ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱን መስመር ስለሰጠ የጃምፐር ጣጣ ቀረ። አንድ ቴክኒሻን ዓመታት ፈጅቶ ያካበተው ዕውቀት በአንድ የኬብል ለውጥ ከገበያ ወጣ።

በ2001 እና በ2003 የተደረጉትን ክለሳዎች ብዙ አልቆይባቸውም። አዳዲስ የዊንዶውስ ዓይነቶች ገቡ፤ አሮጌዎቹ ወጡ፤ የፈተናው መንፈስ ግን ያው ነበር። መንፈሱ የተናጋው በ2006 ነው። ኤ ፕላስ በሁለት ፈተና የሚሰጥ ነው፤ በዚያ ዓመት ኮምፕቲያ የመጀመሪያውን ለሁሉም የጋራ አድርጎ ሁለተኛውን ለሦስት ከፈለው፦ አንዱ ቢሮ እየዞረ ለሚጠግን፣ አንዱ በስልክና ከርቀት ለሚረዳ፣ አንዱ ደንበኛ ፊት ሳይቀርብ ከጀርባ ዕቃ ብቻ ለሚጠግን። እኔ ይህን ክፍፍል የማየው ከሁሉም ክለሳዎች ይበልጥ ለእውነት የቀረበ አድርጌ ነው። ሙያው ያኔውኑ ለሦስት ተከፍሎ ነበርና። ቀጣሪው ግን ሦስት ዓይነት ወረቀት ማመሳከር አልፈለገም፤ የፈለገው አንድ ስም ነው። በ2009 ፈተናዎቹ ተመልሰው ወደ ሁለት ተጠቃለሉ። ከሦስቱ ሠራተኞች ውስጥ ግን በኋላ የፈተናውን መልክ የወሰነው ከርቀት የሚረዳው ሆነ።

የዕድሜ ልክ ወረቀት ሲያበቃ

እስከ 2010 መጨረሻ ኤ ፕላስን ያለፈ ሰው ወረቀቱ የዕድሜ ልክ ነበር። በ1997 የዶስን ትእዛዝ ተፈትኖ ያለፈ ሰው በ2010ም «የተመሰከረለት ቴክኒሻን» ነው። በ2008 ፈተናው በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በኩል ዓለም አቀፍ ዕውቅና ሲያገኝ ይህ አሠራር ጥያቄ ላይ ወደቀ። በ2010 መጀመሪያ ላይ ኮምፕቲያ ቀድሞ የተሰጡት ወረቀቶችም ጭምር ጊዜያቸው እንዲያልፍ ሊያደርግ መሆኑን ሲያስታውቅ ከባድ ቁጣ ገጠመው። ሰዎች ከፍለው፣ ተፈትነው፣ የዕድሜ ልክ ነው ተብለው የተቀበሉትን ነው ሊነጠቁ የነበረው። ድርጅቱ ወደኋላ አለ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 በፊት ያለፉት እንዳሉ ቀሩ፣ ከዚያ በኋላ ያለፉት ግን የሦስት ዓመት ወረቀት ተሰጣቸው።

ሁለቱም ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ቃል ለተገባለት ሰው ቃሉን መጠበቅ ይገባል። ወረቀቱ ጊዜ እንዲኖረው ማድረጉም ለሙያው ክብር ነው፤ የሰውን ሥራና ገንዘብ የያዘ ኮምፒውተር የሚነካ እጅ ዕውቀቱን ማደስ አለበት። የማደሻው መንገድ ግን ሌላ ነገር አስከተለ። በሦስት ዓመት ውስጥ 20 የትምህርት ነጥብ ማሟላትና የማደሻ ክፍያ መክፈል ያስፈልጋል፤ ወይም ከፍ ያለ ፈተና ማለፍ። ኔትወርክ ፕላስን ወይም ሴኪውሪቲ ፕላስን ያለፈ ሰው ኤ ፕላሱ አብሮ ይታደስለታል። በዚህ ምክንያት ኤ ፕላስ ከሱቅ ወረቀትነት ወደ መሰላል የመጀመሪያ እርከንነት ተለወጠ። ሰዎች ለመውጣት እንጂ እዚያው ለመቆም አይገቡበትም።

በ2012 ሌላ ትልቅ ነገር መጣ። እስከዚያ ድረስ ፈተናው ምርጫ ማጥቆር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተፈታኙ በስክሪኑ ላይ የሚሠራቸው ተግባራዊ ጥያቄዎች ተጨመሩ። ትእዛዝ ጽፎ የኔትወርክ አድራሻ ማየት፣ ኬብሎችን ከቦታቸው ማገናኘት፣ ለቪዲዮ አቀናባሪ ወይም ለንድፍ ባለሙያ የሚሆን ኮምፒውተር ከክፍሎቹ መምረጥ። እውነተኛ ብሎን መፍታትን አይተካም። ቢሆንም ከመጽሐፍ ብቻ ሸምድዶ የመጣውን ሰው ከሠራው ሰው ለመለየት የተደረገ የመጀመሪያ ከባድ ሙከራ ነው።

ከዚህ ወዲህ ያለውን ለውጥ ቁጥሩ ይናገራል። በ2012ቱ የመጀመሪያ ፈተና ሃርድዌር 40 በመቶ ይዞ ነበር፤ ላፕቶፕና ፕሪንተር ለብቻቸው ተቆጥረው እያንዳንዳቸው 11 በመቶ ነበራቸው። በ2015 መጨረሻ በወጣው ሃርድዌር 34 በመቶ ሆነ፣ ያውም ፕሪንተርን ውስጡ አድርጎ። በ2019 ወደ 27 ወረደ። በ2022 ወደ 25፣ በ2025ም እዚያው ቆመ። በሁለተኛው ፈተና ደግሞ የደኅንነት ድርሻ በ2012 እና በ2015 22 በመቶ ነበር፤ በ2019 24፣ በ2022 25፣ በ2025 28 ሆነ። በአሁኑ ሁለተኛ ፈተና ደኅንነትና ኦፐሬቲንግ ሲስተም እኩል 28 በመቶ ይዘዋል። ሃያ ዓመት ወደኋላ ሄዶ ለአንድ ጠጋኝ ይህን ቢነግሩት የጥበቃ ሠራተኛ ፈተና ነው የሚመስለው።

ምክንያቱ የፈተና አውጪዎች ፍላጎት ብቻ አይደለም። በ2012 አፕል ያወጣው ማክቡክ ፕሮ ሬቲና ሚሞሪው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ፣ ባትሪው በማጣበቂያ የተያዘ ነበር። ሌሎች ቀጭን ላፕቶፖችም ተከተሉ። የሚፈታው ነገር ሲያንስ የሚጠገነውም ያንሳል፤ ድርጅቶች የተበላሸውን መልሰው ለአምራቹ ይልካሉ ወይም ይለውጡታል። የሠራተኛው ፋይል ደግሞ ከሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ክላውድ ላይ ሆነ። እንግዲህ የሚበላሸው አካውንቱ ነው፣ ፈቃዱ ነው፣ ፓስወርዱ ነው።

ያልተለወጡት

ከዚህ ሁሉ መካከል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቦታው ያልተነሳ ርዕስ አለ፦ ሌዘር ፕሪንተር። የሕትመቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ማወቅ በ1990ዎቹም ይጠየቅ ነበር፣ ዛሬም ይጠየቃል። ገጹ ይዘጋጃል፤ ድራሙ በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ሌዘሩ ጽሑፉን ድራሙ ላይ ይስላል፤ ቶነሩ በተሳለው ላይ ይያዛል፤ ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል፤ በፊውዘሩ ሙቀት ይጣበቃል፤ በመጨረሻ ድራሙ ይጸዳል። ብዙ ተማሪ ይህን እንደ ቃል ጥናት ብቻ ያየዋል። እኔ ግን ከፈተናው ሁሉ ይህን ርዕስ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ የምርመራ ካርታ ነውና።

የወጣውን ወረቀት በጣት አሸት አድርጎ ማየት ነው። ቀለሙ ጣት ላይ ከቀረ ቶነሩ ወረቀቱ ጋር ደርሷል፣ ግን አልተጣበቀም፤ ጥፋቱ ፊውዘሩ ጋ ነው። አንድ ነጠብጣብ በገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች በእኩል ርቀት ከተደጋገመ፣ እየዞረ ያንኑ ቦታ የሚረግጥ ክብ ነገር ላይ ጉዳት አለ ማለት ነው፤ ርቀቱን በማስመሪያ ለክቶ ከድራሙ ወይም ከሮለሩ ዙሪያ ጋር ማስተያየት ነው። ገጹ ነጭ ሆኖ ከወጣ ቶነሩ አልቋል፣ ወይም ማስተላለፊያው አልሠራም። ፕሪንተሩን ሳይከፍት፣ ወረቀቱን ብቻ አይቶ የት መክፈት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ቴክኒሻን ነው። በየቢሮው «ቶነር ቀይርበት» ተብሎ በሺህ የሚቆጠር ብር የሚጣለው ይህች እውቀት ስለጎደለች ነው።

ሁለተኛው ያልተለወጠ ነገር የችግር አፈታት ሥርዓቱ ነው። ደረጃዎቹ ስድስት ናቸው፦ ችግሩን መለየት፣ ሊሆን የሚችለውን ምክንያት መገመት፣ ግምቱን መፈተን፣ ዕቅድ አውጥቶ መፍታት፣ ሁሉም ነገር መሥራቱን ማረጋገጥና ዳግም እንዳይደርስ መከላከል፣ በመጨረሻ የተሠራውን መዝግቦ ማስቀመጥ።

ይህን ሥርዓት በአዲስ አበባ ከሚሠራው ጋር ላስተያየው። መገናኛ ወይም ፒያሳ ካሉት ትንንሽ የጥገና ሱቆች ወደ አንዱ የማይነሳ ዴስክቶፕ ይገባል። ሲበራ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። የሱቁ ልጅ ድምፁን እንደሰማ የጎኑን ክዳን ይከፍታል፤ ራሙን ነቅሎ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ይፈገፍጋል፤ በብሩሽ አቧራውን ይጠርጋል፤ መልሶ ይሰካል። ተነሳ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። የጩኸቱን ትርጉም ያውቃል፣ ምክንያቱን ገምቷል፣ ግምቱን ፈትኗል፣ ፈትቷል። አራቱን ደረጃዎች ስማቸውን ሳይሰማ አሟልቷል። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ኮምፒውተርም ገና ሳይሰካ ከጀርባው ያለችውን ቀይ መቀያየሪያ ወደ 230 መገፋቷን የሚያየው ይኸው ልጅ ነው፤ 115 ላይ እንዳለች የኛ መብራት ላይ የተሰካ ፓወር ሰፕላይ ጧ ብሎ ይሞታልና። እነዚህ ልጆች ያላቸው ችሎታ ትልቅ ነው። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት፣ መለዋወጫ በማይገኝበት አገር የተሠራ ችሎታ ነው።

የሚቀሩት ሁለቱ ደረጃዎች ናቸው። ኮምፒውተሩ ከሱቁ ሲወጣ ምን እንደተሠራበት የተጻፈ ነገር የለም። ከወር በኋላ ሲመለስ ሌላ ልጅ ይቀበለዋል፤ ከዜሮ ይጀምራል። የቫይረስ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹን ደብቆ ሾርትከት ብቻ የሚያሳየው ቫይረስ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ አስለቅሷል። የሱቁ መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት። ኤ ፕላስ ለቫይረስ ያስቀመጠው ሥርዓት ግን ምልክቱን ካረጋገጡ በኋላ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ መነጠልን ያስቀድማል፤ የዊንዶውስን የመመለሻ ነጥብ ማጥፋት፣ ማጽዳት፣ ዳግም ምርመራ በጊዜ ሰሌዳ ማስያዝ፣ መመለሻውን መልሶ ማብራት ይከተላል። የመጨረሻው ተጠቃሚውን ማስተማር ነው። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ደንበኛው ያንኑ ፍላሽ መልሶ ከሰካው የተሠራው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይህን ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚነግረው ሰው ግን የለም።

በፎርማቱ የጠፋው ፎቶና ሰነድስ? ጥገና ላይ ባለ ላፕቶፕ ውስጥ ያለ የቤተሰብ ምስል የማን ነው? በ2024 በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የሰውን ኮምፒውተር ቀን ከሌት የሚከፍቱት ጠጋኞች ስለዚህ አዋጅ ማን ነገራቸው? የኤ ፕላስ ሁለተኛ ፈተና የአሠራር ሥርዓት በሚለው ክፍሉ 21 በመቶ የሚሰጠው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ለምዝገባ፣ ለባክአፕ፣ ለግል መረጃ ጥንቃቄ፣ ለደንበኛ አነጋገር። ብዙ ተማሪ ቀላል ነው ብሎ የሚዘለውም ይህንኑ ክፍል ነው።

ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲኦሲ

ኢትዮጵያውያን ከዚህ ምስክር ወረቀት ጋር በብዛት የተዋወቁት በዋሽንግተን ዙሪያ ነው። በ2005 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር 8570 በሚባለው መመሪያው የኮምፒውተሮቹን ደኅንነት የሚጠብቅ ሠራተኛና ተቋራጭ ሁሉ የታወቀ ምስክር ወረቀት እንዲኖረው አዘዘ። ኤ ፕላስ ለመጀመሪያው የቴክኒክ ደረጃ ከተዘረዘሩት አንዱ ሆነ፤ ሴኪውሪቲ ፕላስ ለሁለተኛው። የመንግሥት ተቋራጮች በተሰበሰቡበት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ይህ መመሪያ ለብዙ ስደተኛ የኑሮ አቅጣጫ ቀየረ። በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ የቅዳሜና የእሑድ ክፍሎች ተከፈቱ፤ አስተማሪው በአማርኛ እያብራራ ተማሪው በእንግሊዝኛ የሚፈተንባቸው። ሌሊቱን ፓርኪንግ ሲጠብቅ ወይም ታክሲ ሲነዳ ያደረ ሰው ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይገባል። ከዚያ ሄልፕ ዴስክ፣ ብዙ ጊዜ የሌሊት ፈረቃ፤ ከዚያ በአሽበርን ካሉት ዳታ ሴንተሮች አንዱ።

በዚህ መንገድ ላይ ቀስ በቀስ አንድ አቋራጭ ተለመደ። ኤ ፕላስ ሁለት ፈተና ነው፤ ሴኪውሪቲ ፕላስ አንድ። ተቋራጩም ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ብዙዎች ኤ ፕላስን ዘለው በቀጥታ ወደ ላይ ይሄዳሉ። የቤተሰብ ኃላፊነት ያለበትን ሰው በዚህ መውቀስ አልችልም፤ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ግን ኮምፒውተር ውስጡን ሳያውቅ የደኅንነት ባለሙያ የሚባል ሰው የመጀመሪያው የማይነሳ ማሽን ፊት ሲቆም የሚደርስበት ጭንቀት ቀላል አይደለም። ጥያቄና መልሱን ከነቁጥሩ የሚሸጡት ደምፖች ደግሞ ከአቋራጭም የባሱ ናቸው። ኮምፕቲያ በደምፕ ማለፉን የደረሰበትን ሰው ወረቀቱን ይነጥቃል። ካልደረሰበትም ሰውየው ሥራው ላይ ራሱን ያጋልጣል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚያመለክተውም ያገሩ ልጅ በጥርጣሬ ይታያል።

አገር ቤት ያለው ሥርዓት ሌላ ነው። ከ2008ቱ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ወዲህ ሠልጣኙ ትምህርቱን መጨረሱ ብቻ አይበቃም፤ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ማለፍ አለበት። ለኮምፒውተር ጥገና በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ሙያ በየደረጃው ይመዘናል። መዛኙ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል፤ ሠልጣኙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጭናል፣ ኔትወርክ ይዘረጋል፣ ኬብል ይቆርጣል። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ፤ ይህ የሽቦ ቅደም ተከተል ቨርጂኒያም ያው፣ አዲስ አበባም ያው ነው። ውጤቱም ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ነው፤ 60 ከመቶ የሚባል ነገር የለም።

እጅን በዓይን በማየት ረገድ የእኛ ምዘና ከኤ ፕላስ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ኤ ፕላስ በ90 ደቂቃ ውስጥ እስከ 90 ጥያቄ ነው፤ ማንም እጁን አያይም። የእኛ ምዘና ደግሞ የሚጎድለው ኤ ፕላስ የያዘው ሁለተኛው ግማሽ ነው፦ ደኅንነቱ፣ የሞባይሉ፣ የክላውዱ፣ የምዝገባው፣ ከሁሉም በላይ የየሦስት ዓመቱ ክለሳ። ይዘቱን በዚህ ፍጥነት የሚያድስ የሙያ ደረጃ ካልኖረን ተመራቂው ብቁ የሚባለው ላለፈው ዘመን ኮምፒውተር ይሆናል።

ታዲያ አገር ቤት ያለ ወጣት ኤ ፕላስን ይፈተን ወይ? ዋጋው ከባድ ነው። በአሜሪካ ዋጋ ሁለቱ ፈተናዎች ተደምረው ከ500 ዶላር ይበልጣሉ። ከጁላይ 2024 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ወራት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የፈተናው ዋጋ ሳይነካ ለእኛ ልጅ እጥፍ ሆነበት ማለት ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ሳይቆጠር። ውጭ የመሄድ ወይም ለውጭ ድርጅት ከርቀት የመሥራት ተጨባጭ ዕድል ለሌለው ሰው ይህን ገንዘብ አውጣ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ትምህርቱን ግን ያለ ፈተናው መውሰድ ይቻላል፣ እመክራለሁም። ዝርዝር ይዘቱ በነፃ ይወርዳል፤ ፕሮፌሰር ሜሰር በዩቲዩብ የሚያስተምረው ሙሉ ኮርስ በነፃ ነው፤ በኮሌጆች የሚሰጠው የሲስኮ አካዳሚ የአይቲ ኢሴንሻልስ ኮርስም የተቀረጸው ከዚሁ ጋር ተስማምቶ ነው። ራሙን በላጲስ የሚያጸዳው ልጅ ሁለተኛውን ፈተና ብቻ እንኳ ቁጭ ብሎ ቢያጠና ሱቁ ሌላ ሱቅ ይሆናል።

ፈተናውን ለመፈተን የቆረጠ ግን ሊያውቃቸው የሚገቡ ለውጦች አሉ። ከ2020 ጀምሮ ከቤት ሆኖ በካሜራ እየታዩ መፈተን ተፈቅዷል፤ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ወደ ፈተና ጣቢያ መሄዱ ይሻላል። ጉግል በ2018 የራሱን የአይቲ ድጋፍ ምስክር ወረቀት በኮርሴራ አውጥቷል፤ ርካሽ ነው፣ ለጀማሪም ጥሩ ትምህርት ነው፤ ተቆጣጣሪ ያለበት ፈተና ስለሌለው ግን በአሜሪካ የመንግሥት ሥራ ኤ ፕላስን አይተካም። በ2025 መጀመሪያ የኮምፕቲያ ስምና ፈተናዎች ለሁለት የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች መሸጣቸው ተጠናቀቀ፤ ማኅበሩ ሌላ ስም ይዞ ቀረ። የነጋዴዎች ማኅበር ለአባላቱ የጀመረው ፈተና አሁን ለባለሀብት የሚያተርፍ ሸቀጥ ሆኗል፤ ስለ ዋጋው የምሰጋው ከዚህ የተነሳ ነው።

በማርች 2025 የወጣው አዲሱ ክለሳ፣ 220-1201 እና 220-1202፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ነገሮችን ጨምሯል። ከዚህ ጋር የሚያሳስበኝ የፈተናው ይዘት ሳይሆን የመግቢያው ሥራ ነው። የሄልፕ ዴስክ የመጀመሪያ እርከን ለዓመታት የቆመው ፓስወርድ በመለወጥና ተደጋጋሚ ጥያቄ በመመለስ ላይ ነበር። ሠራተኛው አሁን ፓስወርዱን ራሱ ይለውጣል፤ ተደጋጋሚውን ጥያቄም ማሽን መመለስ ጀምሯል። ለጀማሪ የሚቀረው ማሽኑ ያቃተው ጉዳይ ነው፤ ያ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስድስቱን ደረጃዎች በትክክል የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

የመጨረሻው ነገር የቀን ጉዳይ ነው። ሁለቱ ፈተናዎች ከአንድ ክለሳ መሆን አለባቸው፤ የአሮጌውን አንዱን ከአዲሱ ሌላው ጋር ማዳመር አይቻልም። የቀድሞው ክለሳ በሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 ሲዘጋ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አልፎ ሌላውን ያላደረሰ ሰው ገንዘቡም ድካሙም ባከነ። የአሁኑ ደግሞ እንደ ቀደሙት ሦስት ዓመት ገደማ ከቆየ እስከ 2028 አካባቢ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ሲያልፉ የሁለተኛውን ቀን ወዲያው ማስያዝ ነው።